የተቀነሰ ኪሎ በሚዛን ይሸጥ

ነጋዴ የሚሸጠውን ዕቃ በሚዛን መዝኖ፥ በክንድ ለክቶ ወይም በቁና ሰፍሮ ማስረከቡ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ሕግ ነው። ገዢውም በሚከፍለው ገንዘብ ብዙ ዕቃ ለማግኘት ይመኛል። በሞተር ሳይክል መለዋወጫ ንግድ ውስጥ ግን ይህ ልማድ የተገለበጠበት አንድ ክፍል አለ። ትንሽ የእሽቅድምድም ሞተር ሳይክል ያለው ሰው ወደ ሱቅ ሲገባ የሚጠይቀው ከፋብሪካው ከመጣው ዕቃ ያነሰ የሚመዝነውን ነው፤ ላነሰውም ክብደት የበለጠ ዋጋ ይከፍላል። እንዲህ ሲሆን የሚሸጠው ነገር የተቀነሰው ኪሎ ነውና፥ ኪሎው በእውነት መቀነሱን የሚመሰክር ሚዛን በሱቁ ሊኖር ይገባል። ዳሩ ግን በሣጥኑ ላይ ‹‹ቀላል›› የሚል ቃል ታትሞበት፥ ስንት ግራም እንደ ቀለለ የማይናገር ዕቃ በየገበያው ይታያል።

ሞተር ሳይክልን የማቅለል ፍላጎት አዲስ ነገር አይደለም። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓመታት (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ነው) የሎንዶን ወጣቶች ‹‹ኤስ ካፌ›› በተባለው የመንገድ ዳር ቡና ቤት እየተሰበሰቡ፥ ለፍጥነት የማይረዳውን ዕቃ ሁሉ ከሞተር ሳይክላቸው ላይ እየፈቱ ይሽቀዳደሙ ነበር። በዚያው ዘመን በጃፓን አገር፥ በፉኩኦካ ከተማ፥ ሂዴዮ ዮሺሙራ የተባሉ መካኒክ በ1954 ትንሽ ጋራዥ ከፍተው የአሜሪካ ወታደሮችን ሞተር ሳይክል ያሻሽሉ ጀመር። ይህ ጋራዥ እያደገ ሄዶ በ1978 በተደረገው በመጀመሪያው የሱዙካ የ8 ሰዓት ውድድር፥ በሱዙኪ ሞተር ሳይክል የታላቁን የሆንዳን ፋብሪካ ቡድን ድል ነሣ። ዛሬ የዮሺሙራ ስም ያለበት ማርሚታ በብዙ አገር ይሸጣል። ከአንድ ጋራዥ ተነሥቶ ዓለም አቀፍ ንግድ ለመሆን የበቃው ገዢው በስሙ ላይ እምነት ስለ ጣለበት መሆኑን ነጋዴ ሁሉ ልብ ሊለው ይገባል።

ፋብሪካዎቹም ቢሆኑ ገዢው ምን እንደሚፈልግ ተረድተውታል። የካዋሳኪ ኩባንያ ‹‹ኒንጃ 300›› የተባለው ሞተር ሳይክል በ2013 ሞዴል ሲወጣ፥ ነዳጁና ዘይቱ ተሞልቶ 172 ኪሎ ግራም ይመዝን ነበር፤ ኀይሉም 39 የፈረስ ጉልበት ነው። በ2018 ሞዴል የወጣው ‹‹ኒንጃ 400›› ግን ሞተሩ ከቀድሞው የሚበልጥና ኀይሉ 45 የፈረስ ጉልበት ሲሆን፥ ክብደቱ ወደ 168 ኪሎ ግራም ዝቅ ብሏል። ይህ የሆነበት አንዱ ምክንያት ሻሲው እንደ አዲስ ታስቦ ከቀጫጭን የብረት ቱቦ በመሠራቱ ነው። ይህም ማቅለል ማለት ማሳነስ ብቻ ሳይሆን አስቦ መሥራት መሆኑን ያስረዳል።

የአንድ ኪሎን ጥቅም በቊጥር መመልከት ይቻላል። 172 ኪሎ የሚመዝነው ሞተር ሳይክል 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው ሲቀመጥበት በጠቅላላው 247 ኪሎ ይሆናል። ከዚህ ላይ 10 ኪሎ ቢቀነስ፥ ያው 39 የፈረስ ጉልበት ከመቶ 4 እጅ ያህል እንደ ጨመረ ይቈጠራል፤ ይኸውም አንድ ተኩል የፈረስ ጉልበት ግድም ነው። ይህን ያህል ኀይል ሞተሩን ከፍቶ ለማግኘት ብዙ ድካምና ወጪ ያስፈልጋል፤ የሞተሩም ዕድሜ ሊያጥር ይችላል። የተቀነሰ ክብደት ግን ሲነሣ ብቻ ሳይሆን ፍሬን ሲያዝና በጠመዝማዛ መንገድ ሲታጠፍም ይረዳል። ስለዚህ ገዢው ቀላል ዕቃ መፈለጉ የሚያስነቅፈው አይደለም። ጥያቄው ኪሎው ከየት ላይ ይቀነስ የሚለው ነው።

ሐቀኛ ባለሱቅ ከሁሉ አስቀድሞ ለደንበኛው ሊነግረው የሚገባ ገንዘብ የማይጠይቅ ምክር አለ። አንድ ሊትር ቤንዚን ሦስት ሩብ ኪሎ ያህል ይመዝናል። የኒንጃ 300 ሰልባትዮ 17 ሊትር ስለሚይዝ፥ ሲሞላ ነዳጁ ብቻውን ከ12 ኪሎ በላይ ነው። ለውድድር ወይም ለአጭር ጒዞ የሚወጣ ሰው ሰልባትዮውን እስከ ግማሽ ቢሞላ ያለ አንድ ሳንቲም ወጪ ከ6 ኪሎ በላይ ይቀንሳል። ብቻውን የሚነዳ ሰው ደግሞ የኋለኛውን ተሳፋሪ የእግር መርገጫ ቢፈታ ጥቂት ይጨምርለታል። ይህን የሚናገር ባለሱቅ በዚያ ቀን ምንም አይሸጥ ይሆናል፤ በማግሥቱ ግን ያው ደንበኛ ጓደኛውን አስከትሎ ይመጣል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ባትሪ ነው። ለዚህ መጠን ሞተር ሳይክል የሚሆነው የእርሳስ ባትሪ 3 ኪሎ ያህል ሲመዝን፥ በእርሱ ፈንታ የሚገባው የሊቲየም ባትሪ አንድ ኪሎ ያህል ነው። በጥቂት ደቂቃ ሥራ ሁለት ኪሎ ይቀነሳል ማለት ነው። ነገር ግን የሊቲየም ባትሪ በብርድ ጊዜ ኀይሉ እንደሚደክምና ለእርሱ በተሠራ ቻርጀር ብቻ መሞላት እንዳለበት ለገዢው መነገር አለበት። አስመጪውም የራሱ ጥንቃቄ አለው። ይህ ባትሪ በማጓጓዣ ደንብ ከአደገኛ ዕቃዎች ወገን የተመደበ ስለሆነ፥ በተባበሩት መንግሥታት ድርጅት ደንብ መሠረት መፈተኑን የሚያስረዳ ወረቀት ያስፈልገዋል። ብቻውን ታሽጎ በመንገደኞች አውሮፕላን እንደ ጭነት እንዳይላክም ከ2016 ጀምሮ ተከልክሏል። ይህን ሳይጠይቅ ያዘዘ ሰው ዕቃው በመንገድ ቀርቶ ገንዘቡ ሊታሰርበት ይችላል።

ሦስተኛው ማርሚታ ነው። ከፋብሪካ የሚመጣው ማርሚታ ድምፅን ለማፈንና የሕግ ግዴታን ለመፈጸም የተሠራ በመሆኑ ከባድ ነው፤ በቀላል ሲለወጥ ሁለትም ሦስትም ኪሎ ሊቀንስ ይችላል። ሆኖም በጀርመን አገር ፈቃድ የሌለው ማርሚታ የተገጠመበት ሞተር ሳይክል በሕዝብ መንገድ ላይ መሄድ አይፈቀድለትም። በአውሮፓ በክበብ ውስጥ ያለው የ‹‹ኢ›› ፊደልና የአገሩ ቊጥር፥ በጃፓንም የመለዋወጫ ሠሪዎች ማኅበር ምልክት በዕቃው ላይ ይፈለጋል። እንግዲህ ማርሚታውን ያለ ማስረጃው ያስመጣ ነጋዴ ያስመጣው ግማሹን ዕቃ ነው።

ከፍ ያለ ጥቅም የሚገኘው ከቸርኬ ነው። በቸርኬው ጠርዝ ላይ ያለ ክብደት ወደ ፊት መሄድ ብቻ ሳይሆን መሽከርከርም ስላለበት፥ ፍጥነት ለመጨመር ሲባል ከዚያ የተቀነሰ አንድ ኪሎ ከሻሲው ላይ እንደ ተቀነሰ ሁለት ኪሎ ይቈጠራል። ዋጋውም በዚያው ልክ ነው። አደጋውም እንዲሁ፤ የሰውየው ሕይወት ያረፈው በሁለት ቸርኬዎች ላይ ነውና።

እዚህ ላይ የነገሩ ፍሬ ይገኛል። አንድ ኩብ ሳንቲ ሜትር ብረት 7.8 ግራም፥ ቲታኒየም 4.5 ግራም፥ አልሙኒየም ደግሞ 2.7 ግራም ያህል ይመዝናል። ክብደቱ የቀነሰ ሁሉ ግን ጥንካሬው እንደ ነበረ አይቈይም። የአልሙኒየም ቡሎን የፕላስቲክ ሽፋን ለማሰር ይበቃል፤ ፍሬኑን ከሹካው ጋር ለሚያያይዘው ስፍራ ግን አይሆንም። ሁለቱም በአንድ ሣጥን፥ በአንድ ቀለም ተቀብተው፥ ‹‹ቀላል ቡሎን›› ተብለው ቢሸጡ ልዩነቱን የሚያውቀው ማነው? ‹‹ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል›› የተባለው ተረት ለእንዲህ ያለው ቡሎን የተነገረ ይመስላል። ጥቅሙስ ምን ያህል ነው? 30 ግራም የሚመዝን የብረት ቡሎን በቲታኒየም ቢለወጥ የሚቀነሰው 13 ግራም ነው። አሥር ቡሎን የለወጠ ሰው 130 ግራም ይቀንሳል፤ ይህም አንድ ብርጭቆ ውሃ አይሞላም። ለዚህ ብሎ ሠሪው የማይታወቅ ቡሎን በፍሬን ላይ ማሰር በሕይወት መቀለድ ነው።

‹‹ነጋዴ የተጠየቀውን ያቀርባል፤ ምርጫው የገዢው ነው›› የሚሉ አሉ። አነጋገሩ እውነት ይመስላል፤ ነገር ግን ገዢ ሊመርጥ የሚችለው የሚመርጠውን ሲያውቅ ነው። ክብደቱ፥ ማዕድኑና ሠሪው ያልተነገረው ሰው መረጠ አይባልም፤ ገመተ እንጂ። ደግሞም ዕቃው በመንገድ ላይ የተሰበረ እንደሆነ፥ የሚነሣው በሩቅ አገር ያለው ሠሪ ስም ሳይሆን በሱቁ በር ላይ የተጻፈው ስም ነው። አንዱ ሱቅ ያጠፋው እምነት በጎረቤቱም ላይ ይደርሳል።

ይህ ጉዳይ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ ‹‹ባጃጅ›› ሲባል በሁሉ ዘንድ የሚታሰበው ባለ ሦስት እግሩ ተሽከርካሪ ነው። ያው የህንድ ኩባንያ ግን ‹‹ፐልሰር›› የተባሉትን ሞተር ሳይክሎች ይሠራል፤ የኦስትሪያው ‹‹ኬ ቲ ኤም›› ትንንሽ የእሽቅድምድም ሞተር ሳይክሎችም በፑኔ ከተማ አጠገብ በሚገኘው ፋብሪካው ተሠርተው ወደ ብዙ አገር ተልከዋል። የባለ ሦስት እግሩን መለዋወጫ ከህንድ የሚያስመጣ ነጋዴ የትንሹን የእሽቅድምድም ሞተር ሳይክል ዕቃ ወደሚያገኝበት ገበያ ቀርቧል ማለት ነው። እንግዲህ ንግዱ ሳይሰፋ ደንቡ ቢቀድም ይሻላል።

ደንቡም ከባድ አይደለም። አንደኛ፥ ቀላል ተብሎ የሚሸጥ ዕቃ ሁሉ የራሱና የቀድሞው ዕቃ ክብደት በግራም ተጽፎበት ይቀመጥ፤ ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ የጠረጴዛ ሚዛን ነው። ሁለተኛ፥ ዕቃው ከምን ማዕድን እንደ ተሠራና በየትኛው ስፍራ መግባት እንደሌለበት ይነገር። ሦስተኛ፥ የፍሬን፥ የመሪና የቸርኬ ዕቃ ሠሪው ካልታወቀና ማስረጃው ካልቀረበ አይታዘዝ፥ አይሸጥም። ባለሱቁ ይህን ቢያደርግ ጥቂት ሽያጭ ያመልጠው ይሆናል፤ የሚቀርለት ግን የተመሰከረለት ዕቃና የማይሸሽ ደንበኛ ነው።

የጥንቱ ሲራራ ነጋዴ አቀበቱ ሲከብድ የበቅሎውን ሸክም ያቀል ነበር። የሚቀንሰው ግን ከአሞሌው ነበር እንጂ መጫኛውን አይቈርጥም ነበር፤ መጫኛው ከተበጠሰ አሞሌውም በቅሎውም ገደል እንደሚገባ ያውቃልና። የዛሬው የመለዋወጫ ነጋዴም ከሞተር ሳይክሉ ላይ የሚቀነሰውንና የማይነካውን ለይቶ ቢሸጥ፥ ትርፉ የተባረከ፥ ስሙም የተከበረ ይሆናል።