ቦርጭ ማጥፊያው ዕዳውን የሚጽፈው በልብ ላይ ነው

ጫት የሚቅም ሰው አይወፍርም ይባላል። በጅማ ዩኒቨርሲቲ ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ለፈተና ሌሊቱን የሚያነጋ ተማሪም፣ በአጋሮ ከቡና ሥራ በኋላ በርጫ የሚቀመጥ ነጋዴም ይህን አባባል ያውቀዋል። አሁን ደግሞ በቴሌግራም «ቦርጭ ማጥፊያ» እየተባሉ የሚሸጡ፣ ይዘታቸው በውል ያልታወቀ እንክብሎች ተጨምረዋል። የዚህ ዝግጅት ክፍል አቋም ግልጽ ነው። ጫትም ሆነ እነዚህ እንክብሎች ለክብደት መቀነሻነት መሸጥም መመከርም የለባቸውም። በጅማና በአካባቢዋ ይህን በአደባባይ የመናገር ቀዳሚው ኃላፊነት ደግሞ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ነው።

አባባሉ ከባዶ ሜዳ አልተነሣም፤ ስለዚህ በንቀት ልናልፈው አይገባም። ሰው ሲደነግጥ፣ ሲሮጥ ወይም ሲራብ ከአድሬናል ዕጢ አድሬናሊን፣ ከነርቭ ጫፎች ደግሞ ኖራድሬናሊን ይለቀቃል። እነዚህ በስብ ሴል ላይ ያሉትን ቤታ ተቀባዮች ሲነኩ በሴሉ ውስጥ ሳይክሊክ ኤኤምፒ የተባለው መልእክተኛ ይበዛል፤ ኢንዛይሞች ይነቃሉ፤ የተከማቸው ስብም ወደ ፋቲ አሲድና ግሊሰሮል ይሰባበራል። ፋቲ አሲዱን በደም ውስጥ ያለው አልቡሚን ተሸክሞ ወደ ጡንቻና ወደ ልብ ያደርሰዋል። ይህን ሂደት የሚያፋጥን መድኃኒት መኖሩ እውነት ነው። ሆኖም በዚያው ሴል ላይ አልፋ ሁለት የሚባሉ፣ ሥራውን የሚገቱ ተቀባዮችም አሉ። በተለይ በሴቶች ዳሌና ጭን ስብ ላይ ይበዛሉ። ያው አድሬናሊን አንዱን ቦታ ሲያነቃ ሌላውን የሚያቀዘቅዘው በዚህ ምክንያት ነው።

ሻጮች የማይናገሩት ከዚህ በኋላ ያለውን ነው። ከጎተራ የወጣ እህል ካልተፈጨ ተመልሶ ጎተራ እንደሚገባ ሁሉ፣ ከስብ ሴል የወጣ ፋቲ አሲድም የሚያቃጥለው ሥራ ካላገኘ እንደገና ስብ ሆኖ ይቀመጣል። ተቀምጦ የሚቅም ወይም ተኝቶ ክኒን የሚውጥ ሰው ጡንቻ ብዙ አይጠይቅም። መድኃኒቱ ሲደጋገም ደግሞ ተቀባዮቹ ይደነዝዛሉ፤ ሰውየውም መጠኑን ይጨምራል። ልብና የደም ሥሮችም የአድሬናሊን ተቀባዮች ስላሏቸው መድኃኒቱ ቦርጭን ብቻ መርጦ አይነካም። የልብ ምት ይፈጥናል፤ የደም ግፊት ይጨምራል።

ጫት እዚህ ውስጥ የት ይገባል? በ1975 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት ላብራቶሪ ከጫት ቅጠል ካቲኖን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይቶ አወጣ። ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ ሲሆን የሚሠራውም ኖራድሬናሊንንና ዶፓሚንን ከነርቭ ጫፎች በማስለቀቅ ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ካቲኖን ወደ ካቲንና ወደ ኖርኤፌድሪን ይለወጣል። ጫት በኮባ ተጠቅልሎ በጥድፊያ ገበያ የሚደርሰውም ትኩስነቱ ምርቃናው ስለሆነ ነው። ኖርኤፌድሪን በፋብሪካ ተሠርቶ ፌኒልፕሮፓኖላሚን በሚል ስም በአሜሪካ ለዓመታት የምግብ ፍላጎት መቀነሻ ሆኖ ሲሸጥ ቆይቷል። በሴቶች ላይ ከአንጎል ደም መፍሰስ ጋር መያያዙ በጥናት ከታየ በኋላ፣ በ2000 እ.ኤ.አ. የአገሪቱ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ ከገበያ እንዲወጣ ጠየቀ። በየመን የተደረገና በ2005 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም አብዝተው የሚቅሙ ሰዎች ለድንገተኛ የልብ ሕመም በእጅጉ የተጋለጡ መሆናቸውን አሳይቷል።

አሁን የራሳችንን በርጫ እንመልከት። ከጫቱ ጋር ለስላሳ፣ ስኳር የበዛበት ሻይ፣ ለውዝ ይቀርባል። ስኳሩ ኢንሱሊንን ይጠራል። ኢንሱሊን ደግሞ በስብ ሴል ውስጥ ያንኑ ሳይክሊክ ኤኤምፒ ስለሚቀንሰው፣ ካቲኖን የከፈተውን በር መልሶ ይዘጋል። ማታ ለጨብሲ ቢራ ሲከተል ጉበት አልኮሉን ለማቃጠል ቅድሚያ ይሰጣል፤ ስቡ ይጠብቃል። ታዲያ አዘውታሪ ቃሚ ለምን ይከሳል? በአብዛኛው ምሳውንና እራቱን ስለማይበላ ነው። ጫት ረኀብን ያፍናል፤ የጨጓራን ሥራም ያዘገያል። እንዲህ የከሳ ሰው ከስቡ ጋር ጡንቻውንም ያጣል፤ ሌሊቱን እንቅልፍ አጥቶ፣ ከዱካክ ጋር ሲታገል ያድራል። ይህን ጤና ብሎ መጥራት ለወጣቶቻችን አለማሰብ ነው።

ቡናችንም በዚህ መንገድ ላይ ትንሽ ድርሻ አለው። ካፌይን በስብ ሴል ላይ አዴኖሲን የሚጥለውን ገደብ ያነሣል። ውጤቱ ግን መጠነኛ ነው፤ የሊሙን ቡና ለጣዕሙ ሳይሆን ለቦርጭ ብሎ የሚጠጣ ቢኖር ይከፋዋል።

ከሌላው ዓለም የምንማረውም ይህንኑ ነው። ኤፌድራ የተባለው ተክል ያለባቸው ማክሻዎች በ2004 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ ታገዱ። ኖራድሬናሊን ወደ ነርቭ ጫፍ እንዳይመለስ የሚያደርገው ሲቡትራሚንም በልብና በአንጎል ደም ሥር ላይ ባስከተለው አደጋ በ2010 እ.ኤ.አ. በአውሮፓና በአሜሪካ ከገበያ ወጣ። እስከ ዛሬ ግን «ከዕፅዋት ብቻ የተሠራ» በሚባሉ እንክብሎች ውስጥ ተደብቆ በተለያዩ አገሮች ሲገኝ ይታያል። ጡንቻ ገንቢዎች የሚወስዱት ክሌንቡተሮል ለአትሌቶች ምን ጊዜም ክልክል ነው። ካቲን ራሱ በውድድር ወቅት በሽንት ውስጥ ከተወሰነ መጠን ካለፈ አበረታች መድኃኒት ተብሎ ያስቀጣል። ለአይጦች ተአምር የሠራው የቤታ ሦስት ተቀባይ ምርምርም ቢሆን በሰው ላይ ተስፋው ጠባብ ሆኗል።

ወደ ጅማ እንመለስ። ዩኒቨርሲቲው ማኅበረሰብን መሠረት ባደረገ ትምህርቱ በአገር የታወቀ ነው። የፋርማሲ ትምህርት ቤት አለው፤ የመድኃኒት ጥራት መመርመሪያ ላብራቶሪም አለው። የጤና ትምህርቱ ግን በዋናው ግቢ ነው፤ ኪቶ ፉርዲሳ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ግቢ ነው። ስለ ጫት የተጻፈው ጥናት ከዋናው ግቢ መደርደሪያ ወርዶ የቴክኖሎጂ ተማሪው ማደሪያ ድረስ ካልዘለቀ ሥራው ግማሽ መንገድ ላይ ቀርቷል ብለን እንፈርዳለን። ላብራቶሪው በከተማዋና በቴሌግራም የሚሸጡትን የቦርጭ እንክብሎች ገዝቶ ይመርምር፤ ያገኘውንም በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ ለሕዝብ ያውጣ። የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተሰጠው ሥልጣን አለው፤ ያልተመዘገበ እንክብል ሻጭን ሲከታተል የስልክ ገበያውን ከሱቁ አይለየው።

የመድኃኒት ቤት ባለሙያዎች ደግሞ ማንንም ሳይጠብቁ ነገ ጠዋት የሚጀምሩት ሥራ አላቸው። ፕሱዶኤፌድሪን ያለበት የጉንፋን መድኃኒት ወይም የአስም መርጫ ከመስጠታቸው በፊት «ጫት ይቅማሉ?» ብለው፣ ሳያሳፍሩ፣ ይጠይቁ። የደም ግፊት መድኃኒት ለሚወስድ ሰውም ጫቱ የመድኃኒቱን ሥራ እንደሚቃረን ፊት ለፊት ይንገሩት።