ደወል እንጂ ሥጋ የለም

ገበያችን ወሬ ሰምቶ ዋጋ የሚጨምር ገበያ ሆኗል። ዕቃው በመጋዘን ተቀምጦ፣ የተገዛበት ዋጋም ሳይለወጥ፣ «ዶላር ሊጨምር ነው» የሚለው ቃል ከሱቅ ሱቅ ሲዞር የጠዋቱ ዋጋ ለማታ አይደርስም። ብዙዎች ይህን ስግብግብነት ይሉታል። ስግብግብነት የለበትም ባንልም፣ በእኛ እምነት ዋናው ነገር ልማድ ነው። ልማዱ እንዴት እንደሚፈጠር ደግሞ ሳይንስ ካጠናው ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል።

ያጠናው ሰው ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ ነው። በምግብ መፈጨት ላይ ባደረገው ምርምር እ.ኤ.አ. በ1904 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል። ውሻ ሥጋ ሲቀምስ ምራቁ ይመጣል፤ ይህን ማንም አላስተማረውም። ፓቭሎቭ ግን ምግቡ ከመቅረቡ በፊት አንድ ድምፅ ደጋግሞ ሲያሰማ ቆየ። በኋላ ውሻው ምግቡን ሳያይ በድምፁ ብቻ ምራቁ ይመጣ ጀመር። ትርጉም ያልነበረው ድምፅ የምግብ ምልክት ሆነ ማለት ነው። በሥነ ልቦና ትምህርት ይህ «ክላሲካል ኮንዲሽኒንግ» ይባላል።

ነገሩ ለነጋዴው ስድብ ተደርጎ እንዳይወሰድ። ሕጉ በሰው ሁሉ ላይ ይሠራል፤ ሎሚ ሲጠራ አፉ ውሃ የማይሞላ ማን አለ?

«ዶላር» የሚለው ቃልም ኃይሉን ያገኘው በከንቱ አይደለም። በ1985 ዓ.ም. አንድ ዶላር ከ2 ብር ከ07 ሳንቲም ወደ 5 ብር ወጣ። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. የብር ዋጋ በ15 በመቶ ተቀነሰ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ተመኑ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ ብር በአጭር ጊዜ ብዙ ወረደ። በእነዚህ ጊዜያት ከደወሉ በኋላ ሥጋው በእርግጥ መጥቷል።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። የፓቭሎቭ ውሾች ከለመዱት ድምፅ ጋር ለሚመሳሰል ድምፅም ምራቃቸው ይመጣ ነበር። እኛም «እባብ ያየ በልጥ በረየ» እንላለን። ለተደናገጠ ነጋዴ የባንክ መመሪያና የቡና ቤት ሹክሹክታ አንድ ናቸው። በብድር ገንዘብ መጋዘኑን ይሞላል፤ ወሬው ወሬ ሆኖ ሲቀር ዕቃው አቧራ ይጠጣል፣ ወለዱ ግን ይቆጥራል።

ሌላም ጣጣ አለ። የውሻ ምራቅ ሥጋ አያመጣም። በገበያ ግን ሁሉም በአንድ ቀን ዋጋ ሲጨምር ሐሰቱ ወሬ እውነት ይመስላል፤ ሸማቹም ደንግጦ ዘይትና ስኳር ሲያግበሰብስ ያልነበረው እጥረት ይፈጠራል።

መድኃኒቱም ከዚያው ሳይንስ ይገኛል። ፓቭሎቭ አንዱን ድምፅ አሰምቶ ሲያበላ፣ ሌላውን አሰምቶ ሳያበላ ሲቀር፣ ውሻው ሁለቱን መለየት ተማረ። አሜሪካዊው ሮበርት ሬስኮርላ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው የአይጦች ጥናት አንድ ቁም ነገር ጨመረ። የኤሌክትሪክ ንዝረቱ ድምፅ ሲኖርም ሳይኖርም እኩል የሚመጣ ከሆነ አይጦቹ ድምፁን አይፈሩትም። ምንም አልነገራቸውማ! ዋጋ በወሬም ያለ ወሬም የሚንር ከሆነ ወሬው ለነጋዴው ምን ነገረው?

ስለዚህ አንድ ደብተር ይበቃል። ወሬው የተሰማበት ቀን፣ ከማን እንደተሰማ፣ ከወር በኋላ ባንኮች የለጠፉት ተመንና የዕቃው ዋጋ ስንት እንደሆነ ይጻፍበት። ከጥቂት ወራት በኋላ የትኛው ደወል ሥጋ እንደሚያመጣ፣ የትኛው ጆሮ ብቻ እንደሚያደነቁር ደብተሩ ራሱ ይናገራል።

ልማድ ግን በአንድ ቀን እንደማይሞት ይታወቅ። ምግብ የቀረበት ውሻ ምራቁ ቢደርቅም፣ ጥቂት አርፎ ድምፁን ሲሰማ ምራቁ እንደገና ይመጣል። ደብተሩን መዝጋት የማይገባውም ለዚሁ ነው።