የሞተሩን ሰሌዳ አንብቦ መሸጥ የነጋዴው ግዴታ ነው

ለወፍጮ የሚሆን የኤሌክትሪክ ሞተር የሚሸጥ ነጋዴ፣ ዕቃውን አስረክቦ ሒሳቡን ከተቀበለ በኋላ ኃላፊነት የለብኝም ሊል አይገባውም። በሞተሩ ጎን የተለጠፈችው ትንሽ ሰሌዳ የምትናገረውን ገዢው ባያውቅ ሻጩ ሊያውቅ ይገባዋል።

የአገራችን መሥመር 50 ኸርዝ ነው። እንደ ሳዑዲ ዐረቢያ ላለ ባለ 60 ኸርዝ አገር በ380 ቮልት የተሠራ ሞተር፣ በዚያው ቮልት እዚህ ቢነሣ ፍጥነቱ በአንድ ስድስተኛ ይቀንሳል፤ ከመጠን በላይም ሊግል ይችላል። «220/380» የሚል ሞተር ደግሞ በ380 መሥመር ላይ በስታር እንጂ በዴልታ አይታሰርም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው የኦቨርሎዱ ነገር ነው። በሰሌዳው ላይ በተጻፈው አምፔር ልክ መስተካከል ሲገባው፣ ሞተሩ ደጋግሞ ቆመብኝ ብሎ ልኩን ከፍ የሚያደርግ ሠራተኛ አይጠፋም። ይህ፣ ጮኸብኝ ተብሎ ዘበኛ እንደ ማባረር ነው። በስታር ዴልታ ማስነሻ ኦቨርሎዱ ከዴልታው ውስጥ ሲገባ የአምፔሩ 58 በመቶ ብቻ ይበቃዋል፤ ሙሉውን የሰጠው ሰው ሞተሩን ያለ ጠባቂ ትቶታል።

ባለወፍጮው ሞተሩን እስኪያስጠቀልል ድረስ ደንበኛው እህሉን ወደ ሌላ ወፍጮ ይጭናል። ስለዚህ አስመጪዎቻችን ቮልቱን፣ ኸርዙን፣ አምፔሩንና የአተሳሰሩን ዓይነት በሽያጭ ደረሰኙ ላይ እንዲጽፉ፣ ማስነሻውንም ኦቨርሎዱን አስተካክለው እንዲያስረክቡ እንጠይቃለን።