ከማንጋፍ በኋላ የእኛ ክፍልስ?

የማንጋፍ ቃጠሎ ወሬው ቆየ፤ እኔ ግን ማታ መብራት ሳጠፋ አሁንም ትዝ ይለኛል። ጁን 12 ቀን 2024 ንጋት ላይ፣ ሰው ተኝቶ ሳለ፣ ምድር ቤት ከዘበኛው ክፍል በኩል በኤሌክትሪክ ተነሳ። ወደ 50 ሰው ሞተ፣ አብዛኞቹ ህንዶች። ብዙዎቹን የጨረሳቸው ጭሱ ነው። ወደ ጣሪያ የሸሹትም በሩን ተቆልፎ አገኙት።

መንግስት የህንጻው ባለቤት እንዲታሰር አዘዘ፣ ፍተሻም ተጀመረ። ጥሩ ነው። ግን ወሬው ሁሉ ወንዶች ተጨናንቀው ስለሚኖሩባቸው ህንጻዎች ነበር፤ እኛ የምንተኛው ሰው ቤት ነው። የ2015ቱ የቤት ሠራተኞች ህግ ቁጥር 68 አሠሪ ተስማሚ መኝታ እንዲሰጥ ያዛል። መጥቶ ያየ ሰው ግን እኔን አላጋጠመኝም። ነገሩ በእኛና በማዳም መካከል ነው የሚያልቀው።

ሻርቅ የምሠራበት ቤት ኮሪደር ላይ ነጭ ክብ የጭስ ማስጠንቀቂያ አለ። ማዳም ቡኹር ስታጨስ እየጮኸ ሲያስቸግራት ባትሪውን አስወጣችኝ። የእኔ ክፍል ደግሞ ከኩሽናው ጀርባ ናት። አንድ ሳምንት ዝም አልኩ። ከዚያ "ማማ፣ ልጆቹ ተኝተው እሳት ቢነሳ ማን ይቀሰቅሰናል?" አልኳት። ስለ ራሴ ብነግራት ትሰማኝ እንደሆነ እንጃ፤ በልጆቹ ስመጣባት ግን በማግስቱ ባትሪ ተገዛ። ቡኹሩ አሁን ሳሎን መስኮት ተከፍቶ ነው የሚጨሰው።

በወር አንዴ ወንበር ላይ ወጥቼ ቁልፉን ጫን አደርገዋለሁ፣ ይጮሃል። በየደቂቃው አጭር ድምፅ ካሰማ ባትሪው እያለቀ ነው። ከተሠራ 10 ዓመት ካለፈው መቀየር አለበት፣ ቀኑ ጀርባው ላይ ተጽፏል።

ይሄ መሣሪያ ግን የከሰሉን መርዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ አይለይም። ለእሱ ሌላ መሣሪያ ነው የሚሸጠው። ሽታም ቀለምም የለውም። እኛ አገር ቤት "ከሰሉ ፍም ሆኗል፣ ጭሱ አልቋል" ብለን ነው ወደ ቤት የምናስገባው፤ ፍሙም ያው ነው። በብርድ ወራት ከቤተሰቡ ጋር በረሃ ድንኳን ስትወርዱ ከሰል አስገብታችሁ አትተኙ። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ ሲመጣ ድካም ነው ብላችሁ ጋደም አትበሉ። የተኛ ሰው ሳይነቃ ነው የሚሄደው። ውጡ፣ ሌላውንም አውጡ፣ ከዚያ 112 ደውሉ።

ክፍላችሁ ወይም የቤቱ በር ማታ ከውጭ የሚቆለፍባችሁ ደግሞ፣ ከባትሪው በፊት ስለ ቁልፉ ተናገሩ። መሣሪያው ይጮሃል እንጂ በር አይከፍትም።