የደጋ ፀሐይና የመስታወት ግድግዳ



በውጭ የሚኖረው ኢትዮጵያዊ በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች ቤት ሲያሠራ ከገንዘቡ ጋር የቤት አሳብም አብሮ ይልካል። ይህ አሳብ ብዙ ጊዜ በሜሪላንድ፣ በፍራንክፈርት ወይም በዱባይ ከታየ ሕንጻ የተቀዳ በመሆኑ፣ ለሌላ የአየር ጠባይ የታሰበ መልክ በደጋ ላይ ሲቆም ምን እንደሚያስከትል ላኪውም ተቀባዩም በአንድነት ሊመረምሩት ይገባል። የኃይል ቆጣቢነት፣ ማለትም አንድ ሕንጻ በጥቂት መብራትና ነዳጅ ለነዋሪው ምቾት የመስጠት ችሎታ፣ የሚወሰነው በአምፖሉ ሳይሆን አስቀድሞ በግድግዳውና በመስኮቱ ነው።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ፣ ከምድር ወገብ በስተሰሜን በ9 ዲግሪ ገደማ ትገኛለች። ከፍታው አየሩን ስለሚያሳሳው ፀሐዩ ቀን ይበረታል፣ ሌሊቱም ይቀዘቅዛል፤ ሆኖም የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአብዛኛው ከ20 እስከ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ስለሚቆይ፣ በአግባቡ የታቀደ ሕንጻ ማሞቂያም ኤር ኮንዲሽነርም ሳይሻ ሊኖር ይችላል። ይህ ለጥቂት ዋና ከተሞች ብቻ የተሰጠ ጸጋ ነው። በዚህ ኬክሮስ ፀሐይ በቀትር ከአናት ብዙም ስለማትርቅ፣ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ የሚያይ መስኮት በአጭር የጣሪያ ክፈፍ ጥላ ያገኛል። ጠዋት በምሥራቅ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ደግሞ በምዕራብ በኩል የምትገባው ዝቅ ያለች ፀሐይ ግን በክፈፍ አትመለስም፤ በተለይ ሙቀት በሚበዛባቸው በመጋቢትና በሚያዝያ የምዕራቡ ክፍል ይግላል።

የመስታወት ግድግዳ ጉዳቱ የሚገለጠው እዚህ ላይ ነው። ተራ ነጠላ መስታወት ካረፈበት የፀሐይ ኃይል ከአምስት አራት እጅ ያህሉን ወደ ውስጥ ያሳልፋል፤ የገባው ብርሃን ወለሉንና ዕቃውን ካሞቀ በኋላ የሚፈጠረው ሙቀት በዚያው መስታወት ቶሎ ተመልሶ መውጣት ስለማይችል፣ መጋረጃ ቢዘጋም የሚከለከለው ብርሃኑ እንጂ አስቀድሞ የገባው ሙቀት አይደለም። ሌሊት ደግሞ ያው ስስ መስታወት የውስጡን ሙቀት አሳልፎ ስለሚሰጥ፣ አንዱ ሕንጻ ከሰዓት በኋላ ማቀዝቀዣ፣ ጠዋት ማሞቂያ የሚፈልግ ይሆናል። ለዘመናዊነት ተብሎ የሚከፈል እንዲህ ያለ ዋጋ በእውነት ያሳዝናል።

በአንጻሩ የሐረር የድንጋይ ቤትም ሆነ የትግራይ ህድሞ በወፍራም ግድግዳቸው የቀኑን ሙቀት ተቀብለው ለሰዓታት ይዘው ያቆያሉ፤ ይህም በሙያው የሙቀት ማከማቻ ግዝፈት ይባላል። ይህ ዕውቀት ከዛሬ ግንባታ ጋር እንደማይጣላ በ2003 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአርክቴክቸር፣ የሕንጻ ግንባታና የከተማ ልማት ተቋም ከዙሪኩ ኢቲኤች ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ግቢው ውስጥ ያሠራው፣ ግድግዳው ከተጠቀጠቀ አፈር የሆነ ባለ ሁለት ወለል ቤት አሳይቷል። የጋምቤላና የሰመራ ነገር ሌላ ነው፤ ሌሊቱም በሚሞቅበት ቆላ ከወፍራም ግድግዳ ይልቅ ነፋስ የሚያሳልፍ ጥላ ይበልጣል።

ፀሐይን መከላከል ብቻ ሳይሆን ለጥቅም ማዋልም ይቻላል፤ በእስራኤል ያለው ቤተ እስራኤላዊ ወገን በ1980 እ.ኤ.አ. በአዳዲስ መኖሪያ ቤቶች ላይ በሕግ የግድ የተደረገውን በፀሐይ ውሃ የሚያሞቅ ታንከር በየጣሪያው ያየዋል፤ የደጋው ፀሐይም ለዚሁ ሥራ በቂ ነው። ኃይል ስለሞላ መቆጠብ አያስፈልግም የሚል ይኖር ይሆናል፤ እርግጥ የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ይዞ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ ነገር ግን አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻውን ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት በሚወስድበት አገር፣ ገና መብራት ያልደረሰው ቤተሰብ እያለ የግድቡን ኃይል በመስታወት የጋለ ቢሮ ለማቀዝቀዝ ማዋል ፍትሐዊ አይሆንም።

ስለዚህ በውጭ ያለው ወገን የመሠረት ገንዘብ ከመላኩ፣ በአገር ቤት ያለው አሠሪም ውል ከመፈረሙ በፊት፣ በሚያዝያ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ፀሐይ በየትኛው መስኮት እስከየት እንደምትገባ የሚያሳይ ሥዕል ከአርክቴክቱ ሊጠይቁ ይገባል። ደረጃውንና መታጠቢያ ቤቱን ወደ ምዕራብ፣ ሳሎኑንና መኝታ ቤቱን ወደ ሰሜንና ደቡብ ማዞር ፕላኑ በወረቀት ላይ ሳለ ወጪ የለውም፤ ቦታው ጠቦ ይህ የማይቻል ከሆነም የምዕራቡን መስኮት አጥብቦ ጥላውን ከመስታወቱ ውጭ መትከል ይቻላል።