ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ

ወንድሞቼ፣ እናንተም ይህን አምድ እንደምታነቡ ደርሼበታለሁ፤ ባለፈው ወር አንድ አባወራ ሱቁ ውስጥ እንጀራው መደርደሪያ አጠገብ ቆሞ፣ በአንድ እጁ ዳይፐር ይዞ፣ ይህንኑ ገጽ ሲያነብ አይቼዋለሁ። ሚጣዬ 11 ሳምንት ሞላት። በዚህ ወር ስለ ጡት ማለቢያ ፓምፕ ልጽፍ ቃል ገብቼ ነበር፣ እሱን ታች ላይ በአጭሩ አነሳዋለሁ። መጀመሪያ ግን ሳልነግራችሁ የቆየሁት ነገር አለ።

ነገሩ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ይጀምራል። ሚጣዬ የምትነቃው ያኔ ነው። ባለቤቴ ሌሊት ሌሊት ታክሲ ስለሚነዳ ቤት የለም። ሲልቨር ስፕሪንግ ጭር ብሏል፣ አንዳንድ ሌሊት በረዶ የሚጠርገው መኪና ድምፅ ብቻ ይሰማል። በዚህ በብርዱ ወቅት የእኛ ሌሊት ስምንት ሰዓት አዲስ አበባ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ነው። ስለዚህ በዚያ ሰዓት ከእኔ ጋር የነቃ ዘመድ ቢኖር እማዬ ናት። በቪዲዮ ትደውላለች። የመጀመሪያ ጥያቄዋ «እንዴት አደራችሁ?» ነው፤ እኛ ገና አላደርንም። ሁለተኛው «በላሽ?» ነው።

እማዬ ልትመጣ ነበር። ቪዛው አልተሳካም። አብሹ፣ በሶው፣ የገንፎው ዱቄት፣ ተልባውና የተነጠረው ቅቤ በሰው እጅ መጡ፤ እሷ ቀረች።

አገር ቤት የእህቴን የአራስነት ጊዜ አስታውሳለሁ። መጋረጃ ተጋርዶላት፣ ገንፎው እየተገነፋ፣ አጥሚቱ እየተሞቀ፣ እማዬ ራስጌዋ ቁጭ ብላ። ውሃ ለመቅዳት እንኳ ከአልጋ ብትወርድ ትቆጣታለች፣ «አራስ ነሽ እኮ!» እያለች። እዚህ ደግሞ ሕጉ ኢንሹራንስ በምጥ ለወለደች ቢያንስ 48 ሰዓት፣ በኦፕራሲዮን ለወለደች 96 ሰዓት የሆስፒታል ቆይታ እንዲሸፍን ያዛል። እኔ በሁለተኛው ቀን ሚጣዬን የመኪና ወንበሯ ላይ አስሬ ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ፣ እግዜር ይስጠው፣ ገንፎ ሊሠራልኝ ተነሣ። እማዬ በስልክ «አማስል! እጅህን አታቁም!» እያለች ብትመራውም ጓጎለ። ጉብታ ጉብታውን በቅቤ እያዋጥኩ በላሁት። እስካሁን ከበላኋቸው ገንፎዎች ሁሉ ያለቀስኩበት እሱ ብቻ ነው።

ከዚያ ጠያቂው መጣ። «እንኳን ማርያም ማረችሽ» እየተባለ ዳይፐሩ፣ ልብሱ፣ ድፎው ገባ። ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ግን እሑድ ሰው የሚያርፈው አብሮ ነውና ሁሉም እሑድ ይመጣል፣ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ደግሞ ማንም የለም። አንድ እሑድ አሥራ አንድ እንግዳ ተቀምጦ ቡና ያፈላሁት እኔው አራሷ ነኝ። «ምን ላምጣ?» ለምትሉኝ ዘመዶች ሁሉ መልሴ ይኸው፦ ማክሰኞ ኑ፣ ሕፃኗን ሳይሆን ሳህኑን ያዙልኝ።

ከእማዬ ጋር የሌሊት ክርክራችን ደግሞ በሦስት ነገር ላይ ነበር፤ ቅቤ፣ ውሃ፣ ፀሐይ። ቅቤ የጀመረችው ሚጣዬ ገና በሦስት ቀኗ ነው። «በጣትሽ ጫፍ ትንሽ ቅቤ አቅምሻት፣ አንጀቷ ይለስልስ» አለች። ዶክተሯ ደግሞ ስድስት ወር እስኪሞላት ከጡት ወይም ከፎርሙላ ወተት በቀር ምንም፣ ውሃም ቢሆን አይሰጣት ብላኛለች። የሕፃን ኩላሊት ትርፍ ውሃ ማስወገድ ገና አይችልም፣ ውሃው ትንሿን ሆድ ሞልቶ ወተቱንም ያስተዋታል። ማር ደግሞ አንድ ዓመት ሳይሞላት ጭራሽ አይቀመስም። እማዬ ይህን ስነግራት «እናንተን በምን ያሳደግናችሁ ይመስልሻል?» ብላ ተቀየመች። ሦስት ቀን ስለ ቅቤ አላወራንም። በኋላ መላ አገኘሁ። «እማዬ፣ ቅቤውን እኔ በገንፎ እበላለሁ፣ ለእሷ በጡት ይደርሳታል» አልኳት። «እሱም ያስኬዳል» አለች። ታረቅን።

በፀሐዩ ግን ሁለታችንም እውነት ነበረን። አገር ቤት ሕፃን በጠዋት ፀሐይ ይሞቃል፣ አጥንቱ እንዲጠና። ሜሪላንድ በጥር ወር ፀሐይ ብትወጣም ለይምሰል ነው፣ ሕፃኑም በአራት ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ነው የሚወጣው። ጡት ለሚጠባ ሕፃን እዚህ በየቀኑ 400 ዩኒት የቫይታሚን ዲ ጠብታ የሚታዘዘው ለዚሁ ነው፤ የጡት ወተት ብዙ ሌላ ነገር ቢኖረውም ቫይታሚን ዲ በበቂ የለውም። ለእማዬ «ጠብታው የጠዋት ፀሐይ ማለት ነው» ስላት ወዲያው ገባት። አሁን ካልጠየቀችኝ አትዘጋም፦ «ፀሐይዋን ሰጠሻት?»

እንግዲህ ይህን ሁሉ የምጽፈው ወደ ዋናው ነገር ለመግባት ስለፈራሁ ነው።

አራተኛው ሳምንት ላይ ይመስለኛል፣ ሚጣዬ ስታለቅስ ምንም አልተሰማኝም። አነሣኋት፣ አጠባኋት፣ ቀየርኳት፣ ግን ልክ የሰው ልጅ እንደምጠብቅ ነበር። ከዚያ ደግሞ ያለምክንያት ዕንባዬ ይመጣል። እሷ ተኝታ እንኳ እኔ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ትተነፍሳለች አትተነፍስም እያልኩ እጄን አፍንጫዋ ሥር እይዛለሁ። ምግብ አልጥምሽ አለኝ። አንድ ሌሊት ሶፋው ላይ እያጠባኋት ጭልጥ ብዬ ሄድኩ፣ ስነቃ በእኔና በሶፋው መደገፊያ መሃል ገብታ ነበር። ደህና ናት፣ ምንም አልሆነችም። እኔ ግን እስኪነጋ ስንቀጠቀጥ አደርኩ። (ዶክተሯ በኋላ እንዳስረዳችኝ ሕፃን በጀርባው፣ ለብቻው፣ ጠንከር ባለ ፍራሽ ላይ፣ ትራስና ብርድ ልብስ በሌለበት ነው የሚተኛው። እንቅልፍ እንደሚጥላችሁ ከተሰማችሁ ደግሞ ከአልጋ ይልቅ ሶፋው ነው የሚያስፈራው። እኔ ተቃራኒውን ነበር የማስበው።)

በስድስተኛው ሳምንት ለራሴ ቀጠሮ ስሄድ ነርሷ አሥር ጥያቄ ያለበት አንድ ወረቀት ሰጠችኝ። ባለፉት ሰባት ቀናት መሳቅ ችለሻል ወይ፣ ያለምክንያት ራስሽን ትወቅሻለሽ ወይ፣ እንቅልፍ አጥተሻል ወይ ይላል። የባለቤቴ አክስት ሕፃኗን ይዘውልኝ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ወረቀቱን አየት አደረጉና «የምንድን ነው?» አሉኝ። «የጤና ነው» አልኩና ሁሉንም «ደህና» ላይ ምልክት አደረግሁ። ነጥቤ ዜሮ ሆነ። ነርሷ ፈገግ ብላ ወረቀቱን ወሰደች።

ፍርዱን ለእናንተ ልተው። እኛ «እንዴት ነሽ?» ስንባል መልሱ ከጥያቄው በፊት የተዘጋጀ ነው፤ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን»። ጤነኛ ልጅ ታቅፎ «ደህና አይደለሁም» ማለት ምስጋና ማጣት መሰለኝ። ከዚያም የባሰ ፍርሃት ነበረኝ፤ ካወራሁ ልጄን ይወስዱብኛል የሚል። ይህን ወሬ ያልሰማ ሐበሻ ያለ አይመስለኝም።

ያወጡኝ የሦስተኛ ፎቋ እማማ ናቸው። አንድ ረቡዕ አጥሚት በቴርሞስ ይዘው መጡ። ሳህኑን አጠቡ፣ ሕፃኗን ሳይሆን መጀመሪያ እኔን አዩኝ። ከዚያ እንደ ተራ ወሬ «የበኩሬን የወለድኩት ካርቱም ነው፣ በስደት። ሁለት ወር ሙሉ አልወደድኳትም ነበር» አሉ። ደነገጥኩ። እንዲህ ያለ ቃል ከእናት አፍ ሰምቼ አላውቅም። «ለማን ነገሩ ታዲያ?» አልኳቸው። «ለማንም። ዛሬ ላንቺ» አሉ። ያቺ የበኩር ልጃቸው ዛሬ በየቅዳሜው እየመጣች ጸጉራቸውን ትሠራቸዋለች፣ አውቃታለሁ። አጥሚቱን እየጠጣሁ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ ሶፋውን ጭምር።

ሚጣዬ ለሁለት ወሯ ክትባት ስትሄድ ያው ወረቀት እንደገና መጣ፣ አሁን በሕፃናት ዶክተሯ ቢሮ። ለካ የልጅ ዶክተርም እናትን ይጠይቃል። ብቻዬን ነበርኩ። በእውነት ሞላሁት። ነጥቤ 15 ሆነ። ከ30 ነው የሚታሰበው፣ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ ቀረብ ብሎ ማነጋገር ያስፈልጋል ማለት ነው። ነርሷ በሩን ዘግታ አጠገቤ ተቀመጠች። የፈራሁትን ስነግራት «እርዳታ የምትጠይቅ እናት ልጇን እየጠበቀች ነው፣ ለዚህ ብሎ ልጅ የሚወስድ የለም» አለችኝ።

የነገረችኝን ላካፍላችሁ። ከወለዱ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ዕንባና መከፋት የብዙ እናት ነው፣ በራሱም ይሄዳል። ከሁለት ሳምንት አልፎ ከቆየ ግን ሕመም ነው፣ ስም አለው፣ ይታከማል። አሜሪካ ውስጥ ከስምንት እናቶች አንዷ ገደማ ያጋጥማታል። በንግግር የሚታከም አለ፣ እያጠቡ የሚወሰድ መድኃኒትም አለ። ለእናቶች ብቻ የተዘጋጀ፣ ሌሊትም ቀንም የሚሠራ ነፃ የመንግሥት ስልክ አለ፦ 1-833-852-6262። አስተርጓሚ ብላችሁ ጠይቁ። በሆስፒታልም ቢሆን አስተርጓሚ ያለክፍያ የማግኘት መብት አላችሁ፣ ባል ወይም አክስት እንዲያስተረጉም አትፍቀዱ፤ እኔ እንግሊዝኛ ችዬ እንኳ ሰው አጠገቤ ስላለ ዋሽቻለሁ። ራሳችሁን ወይም ልጃችሁን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፣ ያኔውኑ 988 ወይም 911 ነው።

አሁን በሳምንት አንድ ቀን የማነጋግራት ባለሙያ አለች። ሦስት ጊዜ ተገናኝተናል። ተአምር አልሆነም። ሐሙስ ዕለት ግን ሚጣዬ ስትስቅልኝ አብሬያት ስቄ፣ መሳቄን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ፓምፑን አልረሳሁትም። የሚጣዬ ክርስትና በ80 ቀኗ ነው፣ እኔ ወደ ሥራ የምመለሰው ደግሞ በ84ኛው ቀን። የፌዴራሉ ሕግ የሚሰጠው ዕረፍት 12 ሳምንት ነው፣ ያለደመወዝ፤ እሱም 50 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ባለው ድርጅት አንድ ዓመት ለሠራና በዚያ ዓመት 1,250 ሰዓት ለሞላ። የምሠራው አረጋውያን መንከባከቢያ ውስጥ ነው፣ አለቃዬን ስጠይቃት «ሽንት ቤት ውስጥ ማለብ ትችያለሽ» አለችኝ። አትችልም፣ እኔም አልችልም። ሕጉ ከወለዱ እስከ አንድ ዓመት ድረስ የማለቢያ ጊዜና ሽንት ቤት ያልሆነ፣ ሰው የማያይበት ቦታ እንዲሰጥ ያዛል። ሕጉን አትሜ ወሰድኩላት፤ የዕቃ ክፍሉን ቁልፍ ሰጠችኝ። ፓምፑን ደግሞ ኢንሹራንስ ስለሚሸፍነው ከኪሳችሁ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ።

ባለፈው ማክሰኞ ሌሊት እማዬ እንደተለመደው ደወለች። «እንዴት አደራችሁ? በላሽ?» አለች። «እማዬ፣ ደህና አይደለሁም። ከቆየሁ ቆየሁ» አልኳት። ዝም አለች። ኔትወርኩ የተቋረጠ መስሎኝ ስክሪኑን ነካ ነካ አደረግሁት። አልተቋረጠም፣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች ነው። ከዚያ «ጠብታለች?» አለችኝ። «አዎ።» «አልጋዋ ላይ በጀርባዋ አስተኛት፣ ዶክተሯ እንዳለችሽ። ስልኩን ወደ እሷ አዙረሽ አቁሚልኝ። አንቺ እዚያው አጠገቧ ተኚ፣ እኔ እያየኋት ነው። ካለቀሰች እጠራሻለሁ።»

ስልኩን የቻርጀሩ ገመድ ላይ ሰክቼ፣ የስኳር ጣሳ አስደግፌ፣ ወደ ሕፃኗ አልጋ አዞርኩት። መጨረሻ የሰማሁት የቡና ሙቀጫ ድምፅ ነው። ባለቤቴ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲገባ ቁልፉን ሲያንኳኳ ከስኳር ጣሳው በኩል በሹክሹክታ «ቀስ በል! ሁለቱም ተኝተዋል» የሚል ድምፅ ሰማ። አዲስ አበባ ከሰዓት ስምንት ሰዓት ሆኗል፣ እማዬ ምሳዋን እንኳ አልበላችም።