«ጨዋታ ነው» ላሉት መምህር

በቀደም አዳማ ውስጥ አንድ የኮምፒውተር ሳይንስ መምህር ተመራቂ ተማሪዎቻቸውን «ይሄ የፕሮግራሚንግ ኮንቴስት የምትሉት ነገር ጨዋታ ነው፤ ኤግዚት ኤግዛም ላይ አይመጣም፤ ጊዜያችሁን አታቃጥሉ» አሏቸው። ተቋሙን አልጠራም። ይህን ንግግር ያልሰማ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ስለሌለ ባለቤቱን መፈለግም ትርፉ ድካም ነው።

እኔን ያበሸቀችኝ «አይመጣም» የምትለዋ ናት። እውነታቸውን ነው፣ አይመጣም! ምን ይመጣል ታዲያ? ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሰጠው የመውጫ ፈተና የምርጫ ጥያቄ ነው። አራት ዓመት ፕሮግራሚንግ ተማረ የተባለ ልጅ ኮምፒውተር ፊት ይቀመጥና አንድ መስመር ኮድ ሳይጽፍ፣ ማውዝ ብቻ እየጫነ 50 ካመጣ አለፈ ይባላል። እዚሁ አጠገባችን በቆጂ እንኳ ሯጭ የሚለየው ሮጦ ነው እንጂ ስለ ሩጫ ተጠይቆ አይደለም።

በቅደም ተከተል ከተደረደሩ ነገሮች አንዱን መሃል መሃሉን እያየ የሚፈልገውን ባይነሪ ሰርችን እንውሰድ። ስላይድ ላይ አንድ ሁለት ገጽ ቢይዝ ነው። ተማሪው ፍጥነቱን ሲጠየቅ «ሎግ ኤን» የሚለውን መልስ ይመርጣል፣ ማርኩን ይይዛል፣ ሰላም ያድራል። አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሳይንቲስት ጆን ቤንትሊ ግን ይህንኑ አልጎሪዝም ሥራ ላይ ያሉ ባለሙያዎችን ሁለት ሰዓት ያህል ሰጥቶ ቢያስጽፋቸው፣ 90 በመቶ የሚሆኑት ስህተት ያለበት ኮድ ነው ያስረከቡት። የጃቫ ባይነሪ ሰርች ራሱ ለዘጠኝ ዓመት ያህል ስህተት ይዞ ኖሯል፤ በ2006 እ.ኤ.አ. ይህን ለዓለም የተናገረው የጻፈው ሰው፣ ጆሹዋ ብሎክ ነው። መሃሉን ለማግኘት ሁለቱን ጫፎች ደምሮ ለሁለት ማካፈል ነው፤ ምን ችግር አለው? ድርድሩ እጅግ ሲረዝም ድምሩ ከ2,147,483,647 ያልፍና ኔጌቲቭ ይሆናል፤ ፕሮግራሙም ይወድቃል። ይህን ጉድ «ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ» እንዴት አድርጎ ያሳየዋል?

ጨዋታ የተባለው ነገር ግን ያሳያል። ለምሳሌ 200,000 ቁጥሮች ይሰጡሃል፤ ከመካከላቸው ድምራቸው ይህን ያህል የሚመጣ ሁለት ቁጥሮች አሉ ወይ ትባላለህ፤ ፕሮግራምህ በሁለት ሰከንድ መመለስ አለበት። ሀንድአውቱ ያስተማረህን ሁለት ድርብርብ ሉፕ ትጽፋለህ፤ አርባ ቢሊዮን ዙር ይመጣል። «ታይም ሊሚት ኤክሲድድ!» ይልሃል ማሽኑ። አይለመንም፣ ቢሮ ድረስ ሄደህ «ቲቸር፣ ሐሳቡ እኮ ልክ ነው» ብትለው ግማሽ ማርክ አይወረውርልህም። ያኔ ነው ቁጥሮቹን በቅደም ተከተል አሰልፎ ከሁለት ጫፍ ወደ መሃል መምጣት የሚገባህ። እኛ መምህራን ክፍል ውስጥ ግን ኮድ በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ እናስጽፋለን፤ ሴሚኮለን ለረሳ እንቀንሳለን፤ ፕሮግራሙ ይሠራ አይሠራ ጉዳያችን አይደለም። ጨዋታው የትኛው ነው?

በርግጥ ኮንቴስት ዳታቤዝ አያስተምርም፤ ሌላ ሰው የጻፈውን ትልቅ ሲስተም መጠገንም አያስተምርም። ስላይዱስ መች አስተማረ?

ልጆቹ ሥራ ፈትተው የሚጫወቱ ከመሰለ ደግሞ አንድ ምሽት አብሯቸው መቀመጥ ነው። ብዙዎቹ የሚወዳደሩበት ድረ ገጽ፣ ኮድፎርሰስ፣ የሩሲያ ስለሆነና የሞስኮ ሰዓት ከእኛ ጋር አንድ በመሆኑ፣ ውድድሩ ብዙውን ጊዜ ከቀኑ 11፡35 ይጀምራል። መብራት ይሄዳል፤ ልጁ ስልኩን ሆትስፖት ከፍቶ፣ ላፕቶፑ ባትሪ ሳይጨርስበት ሦስተኛዋን ጥያቄ ለመላክ ይሯሯጣል። ኤምሬ ቫሮል በ2019 እ.ኤ.አ. የጀመረው ኤቱኤስቪ (A2SV) የተባለ የሥልጠና ድርጅት የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲን ተማሪዎች ጭምር የሚያሠለጥነው በዚሁ በአልጎሪዝም ጥያቄ ነው፤ እዚያ ካለፉት ልጆች ጎግል የገቡ አሉ። ከእኚሁ መምህር ተማሪዎች አንዱ ነገ ቢገባ ፎቶውን ማን ቀድሞ ፌስቡክ ላይ እንደሚለጥፍ አውቃለሁ፤ «የእኛ ፍሬ» ተብሎ።

ለማንኛውም ቲቸር፣ የኮድፎርሰስ ምዝገባው ነጻ ነው። የመጀመሪያዋ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ቀላል ናት፤ እርስዎን አታቅትዎትም። በሌላ ስም መግባትም ይቻላል፤ ተማሪዎችዎ አያውቁብዎትም።